ስምዎ ከተቀረጸበት እብነ በረድ ሥር ስላለው ክዳን

ነሐሴ 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቁጥሩን ለክብሩ ስል ለማልጠቅሰው ወረዳችን ክቡር ዋና ሥራ አስፈፃሚ
የካ፣ አዲስ አበባ

ሐምሌ 14 ቀን፣ ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ በምድር ቤቴ ወለል ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ የሠፈሩን ሽንት ቤት ሁሉ ወደ ላይ መልሶ ሲተፋ፣ አሥራ አንድ ሕፃናት እዚያው ፍራሽ ላይ የቀን እንቅልፋቸውን ተኝተው ነበር። ክቡርነትዎ በዚያች ደቂቃ እግርዎ ደረቅ እንደነበር፣ ከዚያም ወዲህ ጤናዎ እንዳልጓደለ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ ሕፃናቱም ሳምንት ሙሉ ካልለቀቃቸው ተቅማጥ በቀር ደኅና ናቸው። ይህን በግልጽ የምጽፍልዎ ቀደም ብዬ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ በሰላም ስላረፉ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከሾላ ገበያ በላይ ባለው ዳገት የሕፃናት ማዋያ የነበረኝ ባርኮት ፍሥሐ ነኝ። በሶሻል ወርክ በማዕረግ ተመርቄ ሥራ ባጣሁበት ዓመት፣ በወጣቶች መድረክ ላይ ቆመው «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ያሉን እርስዎ ነበሩ። ቃልዎን አመንኩ። አባቴ የተወልኝን ቤት ምድር ቤት ቀለም ቀብቼ፣ ከእርስዎው ቢሮ ፈቃድ አውጥቼ፣ ገበያ የሚውሉ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ቦታ አደረግሁት። ሦስት ክረምት አለፈ፣ አንድ ጠብታ አልገባም። በአራተኛው ዓመት እርስዎ መንገዳችንን አለሙልን። ስለዚህም ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ኮብልስቶኑ አመሰግናለሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ የፍሳሹን መስመር ሲሞላው፣ ድሮ በሬ ፊት ለፊት ያለውን የማንሆል ክዳን ገፍቶ ወደ መንገዱ ይወጣ ነበር። ይሸት ነበር፤ አፍንጫችንን ይዘን እናልፍ ነበር፤ ግን ውጭ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ላይም ሠራተኞች ክዳኑን ከፍተው የተጠራቀመውን ደለል ያወጡ ነበር። አዲሱ ድንጋይ መንገዱን ስንዝር ተኩል ከፍ ሲያደርገው ክዳኑም አብሮ ከፍ ማለት ነበረበት። ይህን ያሉት ድንጋይ የሚያነጥፉት ልጆች ራሳቸው ናቸው፤ በሬ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። የተሰጣቸው መልስ «ግንቦት ሃያ ደርሷል፣ ክዳኑ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» የሚል ነበር። ስለዚህ ክዳኑ ላይ አሸዋ ፈሰሰበት፣ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ ከድንጋዩም በላይ የክቡርነትዎ ስምና የምርቃቱ ቀን የተቀረጸበት እብነ በረድ ተተከለበት። ስም የተጻፈበት ድንጋይ በተደፈነ ጉድጓድ ላይ ሲቆም ከዚህ በፊት ያየሁት መካነ መቃብር ነው። እዚያ ግን ከሥር ያለው ተመልሶ አይወጣም።

2ኛ. ስለዚያች ሰኞ። ሕፃናቱን አብረውኝ የሚጠብቁት ጎረቤቴ እትዬ አገርነሽ ናቸው። ከመታጠቢያ ቤቱ ጉርጉር የሚል ድምፅ ሰምተው ሄዱና «ባርኮትዬ፣ ነይ እስቲ፣ ወለሉ እየተነፈሰ ነው!» ብለው ጮኹ። መውጫ ያጣው ፍሳሽ ከመንገዱ በታች ያገኘው ቀዳዳ የእኔን ብቻ ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ሁለት ሁለት እያቀፍን ደረጃውን ስንወጣ ስንወርድ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው የስምንት ወሩ ሀሚድ ነበር። ፍራሹ ተንሳፍፎ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል፣ እሱ ከላዩ ተኝቷል። ሳነሣው እንኳን አልነቃም። ክቡርነትዎ፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስተኛ ያ ፍራሽ ከዓይኔ አይጠፋም።

3ኛ. በአራተኛው ቀን ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ትሁት ሰው ነው፤ ለልጆቹ ስል ስሙን አልጽፍም። ቀዳዳውን አየ፣ ወጥቶ እብነ በረዱን አየ፣ ከዚያ ዞር ዞር ብሎ «እህቴ፣ ነገሩ የት ጋ እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ይህን ድንጋይ ማን ያነሣል? እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ። እኔም ነበሩኝ፣ አሥራ አንድ። በማግሥቱ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሰዎችዎ መጥተው «ለሕፃናት ጤና አመቺ ባለመሆኑ» የሚል ወረቀት ለጥፈው ማዋያዬን አሸጉት። የራሱን ቆሻሻ ቤቴ ድረስ ልኮ፣ ቤትሽ ቆሸሸ ብሎ የሚቀጣ ቢሮ በማግኘቴ ልዩ ክብር ይሰማኛል።

4ኛ. በወረዳው ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሳነሣ፣ ችግሩ የአመለካከት መሆኑን ስላስረዱኝ፣ የአንድ ለአምስት ቡድኔም «ጨለምተኛ» ብሎ ስለገመገመኝ አመሰግናለሁ። ቤቴ ገብቼ አመለካከቴን በሜትር ለካሁት። ፍሳሹ ግድግዳው ላይ የተወው መስመር አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው።

5ኛ. በመጨረሻ ስላቀረቡልኝ ቃለ ጉባኤ። ሦስት መስመር ነው፤ የፍሳሹ መንስኤ የቤቴ የውስጥ ቧንቧ መሆኑን አምኛለሁ ይላል፤ ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው፣ ከባዶው ሥር የእኔ ፊርማ ቦታ። ዛሬ ብፈርም ነገ እሽጉ ይነሣል ተባልኩ። በዚያ ቀን አብራኝ የመጣችው ሽንኩርት የምትሸጠው የሀሚድ እናት ኢልሃም ነበረች። ማዋያው ከታሸገ ወዲህ ልጇ የሚውለው ገበያ መሐል፣ ከመደቧ ሥር፣ ጆንያ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የጋሪ ጎማ ሁለት ጣቶቹ ላይ ሄደባቸው። ኮሪደርዎ ላይ በፋሻ የተጠቀለለች እጁን እያሳየችኝ «ፈርሚላቸው በቃ ባርኮት፤ ወረቀት ነው። ልጄ ከጋሪ ሥር ይውጣልኝ» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ይህን የምነግርዎ አለመፈረሜ ጀግንነት እንዳይመስልዎ ነው። ብፈርም ማዋያው ይከፈታል፤ ክዳኑ ግን አይከፈትም። ዝናቡ ደግሞ ስብሰባ ስለማይጠራ በሚቀጥለው ጊዜ ልጆቹ በተኙበት ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ አንዱን ሕፃን ሳላነሣ ብቀር ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን በገዛ እጄ ፈርሜ አስቀምጫለሁ ማለት ነው። ይህንኑ ለኢልሃም ነገርኳት። ልጇን ወደ ጀርባዋ አዛወረችና «ክዳኑ የት ጋ ነው ያልሽኝ?» አለች። በሬ ድረስ ይዣት ሄጄ አሳየኋት። እብነ በረዱን በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ «ይህቺን ነው የፈራችሁት? ከአንድ ኩንታል ሽንኩርት አትበልጥም» አለች።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ፦ የፊታችን ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እኔና የአሥራ አንዱ ሕፃናት እናቶች ድንጋዩን አንሥተን ክዳኑን እንከፍታለን። ድንጋይ የሚያነጥፉት ልጆችም መጥተው ያኔ የተከለከሉትን ክዳኑን ከፍ የማድረግ ሥራ እንደሚጨርሱልን ቃል ሰጥተውናል። ፖሊስ የሚልኩ ከሆነ ቦቲ ጫማ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ያላደረግሁትን ጥፋት አደረግሁ ብዬ አልፈርምም። በባዶ ወረቀት ላይም አልፈርምም። ለምርቃት በዓል ሲባል የተደፈነ ጉድጓድ ልማት ነው ሲሉኝ ከእንግዲህ አላጨበጭብም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ሕፃን ልጅ በፍሳሽ ላይ ተንሳፍፎ እንዲያድር፣ እንዲውል፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን እንዲተኛ ከእንግዲህ አልቀበልም።

እስከ ጉልበቷ ድረስ አክባሪዎ፣
ባርኮት ፍሥሐ
(የማይነበብ ፊርማ ስለማልወድ ስሜን በትልቁ ጽፌዋለሁ)

ግልባጭ፦
ለሾላ ገበያ እናቶች
ለእንጦጦ ዝናብ፣ እንዲያውቀው

ማስታወሻ፦ እብነ በረድዎን አንሰብረውም። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ቢሮዎ ድረስ ተሸክመን እናመጣልዎታለን፤ መረከብዎን የሚፈርሙበትን ቃለ ጉባኤም አዘጋጅቻለሁ። ከየት እንደተነሣና ከሥሩ ምን እንደተገኘ በዝርዝር ተጽፎበታል፤ ባዶ ቦታ የለውም።