ቅቤ የጠጣው የሰማይ ድንጋይ

ለውድ መምህር ሙጀሂድ፣ ሞጣ

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ሰማይን በእጁ የዳሰሰ ከእኔ ከየኔሰው በቀር አልተፈጠረም። እሺ፣ ሰማዩን አይደለም፤ ከሰማይ የወደቀውን ድንጋይ ነው። እሱንም ባልዳሰስኩት ይሻል ነበር።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው፤ አትሳቅ። የማታ ትምህርቱን ባለፈው ወር ጨርሼ አንደኛ ወጣሁ። ከወንዶቹ ማለቴ ነው፤ ወንዶቹ ሁለት ነን።

ያን ድንጋይ መቼም አትረሳውም። እቤቴ ተከራይተህ ስታስተምር፣ ጥቅምት ላይ፣ ጥርት ካለ ሰማይ እየጮኸ መጥቶ ጤፌ መሃል ወደቀ። ጡጫ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ያረረ ዳቦ የመሰለ። አንተ በአንድ እግር ጫማ ሮጠህ ደርሰህ በንጹሕ ላስቲክ ጠቀለልከው። ወዲያው ዝውውርህ መጣና ወደ ትውልድህ ወደ ሞጣ ልትሄድ ሆነ።

«ጋሽ የኔሰው፣ ለዩኒቨርሲቲ ጽፌያለሁ። ድንጋዩን ከወደዱት እኔንም ለትምህርት ይወስዱኛል። እስክደውልልዎ ያስቀምጡልኝ። አያያዙን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ማንበብ ይችላሉ አይደል?»

«እኔ? ዳዊት ደጋሚው?» አልኩህ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እስከ ታች ወረድኩ። ያን ጊዜ ከሀ ጋር እንኳ አንተዋወቅም ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ባለቤቴ ስሜነሽ «የሰማይ እንግዳ በደረቁ አይቀመጥም» ብላ ለጋ ቅቤ ቀባችው። አባቶቻችን የአድባሩን ድንጋይ ይቀቡ የለ? በየሳምንቱ ተቀባ፤ እንደ ሙሽራ አበራ። በሁለተኛው ወር ግን ሸተተ። የሞተ አይጥ ሸተተ እንዳልልህ፣ አይጥ ይሻላል። «ይዘውልኝ ይምጡ» ብለህ ስትደውል በፍል ውሃና በእንዶድ ፈትጌ አጠብኩት፤ ባሰበት። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ ሾፌር፣ ማን ነው ሬሳ የጫነ?» ስትል እኔም አብሬ «ማን ነው?» አልኩ።

ሞጣ፣ በአባትህ በአቶ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ላስቲኩን ፈታኸው። ሽታው ሲመታህ ፊትህ ተለወጠ።

«ምን ነካው ጋሽ የኔሰው?»

«ስሜነሽ ናት! ቅቤ ቀባችው። እኔ የለሁበትም።»

አባትህ ከባንኮኒው ኋላ «ልጄ፣ ይሄን ነገር ከስኳሬ አርቅልኝ» አሉ። አንተ ላስቲኩን መልሰህ ጠቀለልከው። ከወር በኋላ በስልክ «ቅቤውና እንዶዱ ገብቶበታል፤ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የድንጋዩን የራሱን ከእኛ ቅባት መለየት አልቻልንም አሉ። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም።

ፊደል ልቁጠር ብዬ የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻው ሳምንት መምህርታችን እስከዳር «ከቤታችሁ የሚነበብ ነገር አምጡ» አለችን። ሌላው የመድኃኒት ካርቶን ሲያመጣ እኔ ልኮራ ያንተን ወረቀት ይዤ ቆምኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«መንኮራኩሮች አስትሮይድ ከሚባሉ በጠፈር ከሚዞሩ አለቶች ላይ አቧራ ይዘው መጥተዋል። አንደኛው ያመጣው አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ሲመረመር ከሰማይ ከሚወድቁት ድንጋዮች ከአንዳንዶቹ ጋር የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። አቧራው ግን ታሽጎ ስለመጣ ንጹሕ ነው፤ ድንጋዮቹን መሬት ከነኩ ጀምሮ ዝናቡም እጁም ያበላሻቸዋል። የእኛ ገና ትኩስ ነው። በእጅ አይንኩት። አያጥቡት። ቅ... ባ... ት...»

እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ!» አለች እስከዳር።

«ቅባት አያስነኩት» አልኩ። የድንጋዩን ሽታ ያልሰማ ጎረቤት የለምና ክፍሉ አውካካ። እኔ ግን ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለስኩ። ሰዎቹ ለአንድ ማንኪያ አቧራ ሰማይ ድረስ ይሄዳሉ፤ እኛ በራሱ እግር ደጃችን የመጣውን እንደ ጸጉር እንቀባለን! ከዚያ ቀን ወዲህ ቅቤ ሲቀልጥ ያንገሸግሸኛል፤ ሽሮዬን በዘይት ነው የምበላው። ከቅቤው ይልቅ የሚከረፋኝ ግን ያ የማያነብ ከንፈሬ ነው።

አሁን ስማኝ። ባለፈው ሳምንት ጤፉ ዳር፣ ቋጥኙ ሥር፣ አንዲት ስባሪ አየሁ። አውራ ጣት ታህላለች፤ ያንኑ ጥቁር ቆዳ ለብሳለች። ዝናብ መትቷታል፣ አልዋሽህም። እጄ ግን አልነካትም። ዙሪያዋን እሾህ አጥሬ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ወረቀትህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ና፣ በራስህ መቆንጠጫ አንሳት።

ይህንንም ፈጠረ እንዳትል። በዚህ ደብዳቤ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱቃችሁ ውስጥም የፈጠርኩት እሱኑ ነው። ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ስሜነሽማ «መጀመሪያ የመምህሩን ወረቀት አንብብልኝ» ብላኝ ነበር። ዘርግቼ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩና «ቅቤ ቀቡት ይላል» አልኳት።

ስትመጣ ከእኔ በፊት እሷን ሰላም በላት።

የኔሰው፣ ከቢቸና
በገዛ እጄ