ባንኩ የከለከለኝ ቤት

ጃንዋሪ 9
ፀሐይ። በረንዳ ላይ እንቁላልና ቤከን። እንግሊዝ በረዶ ነው አሉ... ደስ አለኝ።
ጓደኛዬ ኪት ጋ ወርጄ ቢራ ጠጣሁ። ሃያ ክረምት ስፔን እየመጣ አንድ ቃል አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ምን ያደርግልኛል? ጮክ ብለህ ከተናገርክ ሁሉም ይገባዋል።
የሎሚ ዛፍ ያለበት ቤት ይሸጣል። ኪራይ በቃኝ! በገዛ ቤቴ ነው ማርጀት የምፈልገው። የጎደለውን ባንክ ያበድረኛል። ለምን አያበድረኝም?

ጃንዋሪ 15
ባንክ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ኢንካርና በሚያምር እንግሊዝኛ፣ "የውጭ አገር ገዢዎች በዚህ በኩል" አለች። ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም የለም። ለካ እኔን ነው!
እኔ የውጭ አገር ሰው? እንግሊዛዊ ነኝ እኮ።
ብድሩ ሰባ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ማለቅ አለበት አለች። እኔ ስልሳ ስምንት። በየቀኑ እዋኛለሁ አልኳት። ባሕሩ ዋስ አይሆንዎትም አለችኝ።
ሌላም ጉድ አለ። ቤቱን ብገዛ እንኳ ከስድስት ወር ውስጥ ሦስቱን ብቻ ነው መቀመጥ የምችለው። ማነው ይህን ያመጣው ብዬ ተቆጣሁ። ሚስቴ በርኒ ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።
እኔና ኪት ነን ያመጣነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ብለን ድምፅ የሰጠነው እኮ የውጭ አገር ሰዎች እንዳይመጡብን ነበር... እኛ እንዳንሄድ ማን አለ?

ጃንዋሪ 16
ኪት፣ ስፔኖቹ ቀንተውብን ነው አለ። ተስማማሁ።

ጃንዋሪ 22
ኢንካርና ደወለች። አይሆንም። ቤቱን ደግሞ ሆላንዶች አይተውታል አሉ። ቅስሜ ተሰበረ።
"ክላይቭ፣ እኔ ብጠይቅስ?" አለች በርኒ።
በአሥራ ሁለት ዓመት ታንሰኛለች። የሂሳብ ሥራዋንም እዚሁ ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች። በዚያ ላይ ያ ፓስፖርት አለ... በአየርላንዳዊት አያቷ በኩል ያወጣችው፤ አየርላንድ ደግሞ ከኅብረቱ አልወጣችም። ያኔ ከኪት ጋር በሳቅ ፍርስ ብለን ነበር። እሷ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።
"ቤቱ ግን በእኔ ስም ነው የሚሆነው" አለች።
ምን? የሠላሳ ዓመት ሕልሜ በሚስቴ ስም?

ፌብሩዋሪ 1
አኩርፌ ሰነበትኩ። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሎሚው መሬት ላይ ረግፏል፣ የሚያነሳው የለም። አንጀቴን በላው። እቤት ገብቼ ይሁን አልኳት።

ማርች 4
ውል አዋዋይ ዘንድ። እዚህ አገር ተበዳሪ ከመፈረሙ በፊት ውሉ ገብቶት እንደሆነ ይፈተናል። አስተርጓሚ እንቅጠር አልኩ። በርኒ አያስፈልግም አለች። ብቻዋን ገባች። እኔ ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን ታቅፌ ቀረሁ።
በሩ ስስ ነው። የበርኒ ድምፅ... በስፓኒሽ! ዝም ብሎ ይንቆረቆራል። ቀጥሎ የእሷና የውል አዋዋዩ ሳቅ።
ስትወጣ፣ "መቼ ተማርሽ?" አልኳት።
"አንተ ኪት ጋ ስትወርድ።"
ኪት ጋ የምወርደው በየቀኑ ነው።

ማርች 15
ተፈረመ። ቁልፉን ለእሷ ሰጧት። ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ ነፋሱ ነው አልኩ። ሎሚ ልቀጥፍ እጄን ዘረጋሁና... መለስኩት። "ቅጠፍ እንጂ" አለች።

ማርች 25
የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ። የአውሮፓ ዜጋ ባል ስለሆንኩ መቆየት እችላለሁ። አዎ፣ የአውሮፓ! ጸሐፊው በርኒን አንድ ነገር ጠየቃት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።
"ምን አለሽ?"
"የምታስተዳድሪው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ።"
"ምን አልሽው?"
"አዎ፤ እስካሁን አስቸግሮኝ አያውቅም አልኩት።"
ለመንግሥት ዋሸች። ለእኔ ስትል።

ኤፕሪል 3
የኪት ሦስት ወር አለቀ። ነገ ይሄዳል። ወንበሮቹንና ትልቁን ቴሌቪዥን እኛ ጋ ላስቀምጥ አለ። በጃንዋሪ ቢሆን አምጣው ብዬ ነበር።
"በርኒን ልጠይቃት" አልኩት።
"በገዛ ቤትህ?"
ትቼው ወጣሁ። እቤት ገብቼ ጠየቅኳት፣ በስፓኒሽ። አራት ቃል ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። ሳቀች። አንዱን ቃል አረመችልኝ። ወንበሮቹ ይምጡ፣ ቴሌቪዥኑ ይቅር አለች።
ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ገባት።