ሠላሳ ስምንተኛው መስመር

ዋይፒኦ ሸለቆ፣ ሃዋይ
ጥቅምት 1898

ውድ ካሂኪና፣

እናትሽን ቀበርናት። ይህን በመርከብ ወደ ሆኖሉሉ በላክሁልሽ ቁራጭ ወረቀት ነግሬሽ ነበር፤ ደርሶሽ እንደሆነ ግን አላውቅም። ደርሶሽ ዝም ብለሽም ከሆነ አልፈርድብሽም። ኬአሎሂ በሳሉ ደከመች እንጂ ብዙ አልተሠቃየችም፤ እኔን ከመቆጣትም እስከ መጨረሻው አላረፈችም። “ፖዩን አቀጠንከው፤ ይሄ የጎደሬ ገንፎ ነው የእግር እጣቢ?” ያለችኝ በሞተችበት ቀን ጠዋት ነው። የእህቴን ቁጣ እንደ ደህና ምልክት ቆጥሬ ጎደሬ ልነቅል ወረድሁ። ስመለስ አልቆየችኝም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ እሷ ብቻ አይደለም። ቤቷን ሳጸዳ ከመኝታዋ ሰሌን ሥር አንድ ወረቀት አገኘሁ። አምና ፈረስሽ ወንዙ ውስጥ ተንሸራትቶ ውኃ ያስገባበት፣ የሸለቆው ወንዶች ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። አንቺ ተበላሸ ብለሽ የጣልሽውን እሷ ድንጋይ ላይ አስጥታ፣ አድርቃ አስቀምጣዋለች። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ፈስሷል፤ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። ሃዋይ ወደ አሜሪካ መጠቅለሏን የምንቃወም ሰዎች ነን የሚለውም ከላይ እንዳለ አለ።

ሠላሳ ሰባት ስም ቆጠርሁ። ሠላሳ ሰባቱንም ጽሕፈት ያስተማርሁ እኔ ነኝ። “ኬ” የምትባለዋን ፊደል እግሯን ረዘም አድርጎ ወደ ላይ መቀልበስ የእኔ አመል ነበር፤ የሸለቆው ሰው በሙሉ እንደዚያ ይጽፋታል። ሽማግሌው ካሌባ እንኳ እየተንቀጠቀጠ ቀልብሷታል፤ ዕድሜ በሚለው ቦታም “80፣ ገና ያልሞትሁ” ብሎ ሞልቷል። ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳየው የእኔ እጅ የሌለበት መስመር አጣሁ። የሌለው ስሜ ነው።

ንግሥቲቱን ከዙፋኗ ያወረዷት የስኳር እርሻ ጌቶች ሪፐብሊክ ብለው መንግሥት ሲያቆሙ፣ ከመንግሥት ደመወዝ የሚቀበል ሁሉ ይማል ተባለ። እንቢ ያለ ከሥራው ይወጣል። እኔ ብወጣ ልጆቹን በቋንቋቸው የሚያስተምራቸው አይኖርም ብዬ ራሴን አሳመንሁና፣ እጄን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጌ ያን መንግሥት እንዳልቃወም ማልሁ። በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። አንዲት አሜሪካዊት መምህርት መጣችና ለእኔ የእጅ ጽሕፈት ብቻ ተወችልኝ። የማልሁበት ምክንያት ጠፋ፤ መሐላው ቀረ።

አንቺ ወረቀቶቹን ይዘሽ ስትመጪ ደጅ ላይ ጎደሬ እየወቀጥሁ ነበር።

“አያ፣ እጅህን ታጠብና ፈርምልኝ። ወረቀቱን ፖይ እንዳታስነካብኝ ብቻ።”

“ካሂኪና፣ እኔ እኮ ምያለሁ።”

“ሸለቆው በሙሉ ፈርሟል። ካሌባ እንኳ ፈረመ፤ ብዕር ከያዘ ስንት ዘመኑ!”

“ካሌባ አልማለም።”

“ወታደር ከመርከብ አውርደው ላቆሙት መንግሥት ማልክና ቃሌ ነው ትላለህ?”

“ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንቺንም ለኬአሎሂ የሰጠሁት በአፌ ነው። በወጋችን መሠረት፣ ከነአንጀቷ ከነእዳሪዋ ያንቺ ናት አልኳት። ያን አላጠፍኩም፤ ይሄንንም አላጥፍ።”

 ከዚያ ድምፅሽን ሳታነሺ እንዲህ አልሽኝ፦ “እኔን የሰጠኸኝ ለእህትህ ነው፤ ተቀብላ አሳደገችኝ። ቃል የሚሰጠው ለሚቀበል ሰው ነው። እነዚያ ስምህን እንኳ አያውቁትም።” ወረቀቱን አጠፍሽና፣ “እሺ መምህር፣ ሥራዎን ይቀጥሉ” ብለሽኝ ሄድሽ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያ ነበርሁ። አንቱ ስትይኝ የወቀጥሁት ጎደሬ ላዩ እስኪደርቅ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። የወለደችሽ ሚስቴ ሞታ ቤቱ ባዶ ሲሆንብኝ ልወስድሽ ሁለት ጊዜ እስከ ኬአሎሂ በር መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ “ዓሣ አላችሁ ወይ?” ብዬ፣ ዓሣ ተቀብዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ጊዜ በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነበርሽ፤ አራት ዓመትሽ ነው፤ ዓሣውን በቅጠል ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ። ኬአሎሂ ገብቷት ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቃት በየሳምንቱ ዓሣ ትልክልኝ ነበር። ያች ቃል ያን ያህል ስላስከፈለችኝ፣ ከአፌ ርካሽ ቃል ይወጣል ብዬ ማመን አቃተኝ። የእኔ ስሕተት ይኸው ነው። ሰው ፊት የሰጠሁትንና አፈሙዝ ፊት የሰጠሁትን በአንድ ሚዛን መዘንሁ።

ከዚህ የባሰም አለ።

ወረቀቱ ከተበላሸ በኋላ እንደገና ልታስፈርሚ ተመለስሽ። ወደ ማሳዬ ስትወርጂ ከሩቅ አየሁሽ። ፊትሽን ካየሁ እንደምፈርም አወቅሁት። እናም ጭቃው ውስጥ ቁጢጥ ብዬ የጎደሬው ቅጠል ሥር ተደበቅሁ፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። “አያ ዮኬፓ!” ብለሽ ሦስት ጊዜ ተጣራሽ። አያ ነው ያልሽው፤ መምህር አላልሽም። ትንፋሼን ዋጥሁ። ካሌባ ማሳውን ከከበበው የአፈር ድልድል ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኛል።

“ካሌባ፣ አያ እዚህ የለም?” አልሽው።

“ሰው የለም። አንድ ትልቅ ዳክዬ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም መብረር አይችል” አለሽ።

ስቀሽ ሄድሽ። ዳክዬው እኔ ነበርሁ። ካሌባ ለማንም አልተናገረብኝም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ባገኘኝ ቁጥር “ክንፍህ እንዴት ነው?” ይለኛል።

በየካቲት፣ ፊርማው ዋሺንግተን ደርሶ የጥቅለላው ውል ሳይጸድቅ ቀረ የሚል ወሬ ሲመጣ ሸለቆው አሳማ አርዶ በላ። እኔም በላሁ። የሰው ደስታ ተበድሬ ተደሰትሁ። ከዚያ አሜሪካ ከስፔን ጋር ጦርነት ገጠመች፤ ወደ ማኒላ የሚሄደው ወታደር ሁሉ በሆኖሉሉ ማለፍ ጀመረ፤ ሐምሌ ላይ ውልም አላስፈለጋቸው፣ እዚያው በምክር ቤታቸው ድምፅ ሰጥተው ወሰዱን። ነሐሴ ላይ ባንዲራችን ሲወርድ በርና መስኮት ዘግታችሁ እንደዋላችሁ ለእናትሽ የጻፍሽላትን ደብዳቤ ያነበብሁላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ደክሞ ነበርና። ለእኔ ሰላምታ አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ “አያ ዮኬፓንም ሰላም በይልኝ” ብዬ ከራሴ ጨመርሁበት።

“የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ አይደለም” አለችኝ።

በሳምንቱ መምህርቷ ጠራችኝ። ሥራዬን እንድቀጥል አሁን ለአሜሪካ መማል እንዳለብኝ ነገረችኝ።

“የቀድሞውስ መሐላ?” አልኋት።

“የቱ?” አለችኝ።

በክፋት አልነበረም። የምሯን ነው፤ አላወቀችውም። አንቺን ያሳጣኝን፣ በሰው መሀል አንገቴን ያስደፋኝን ቃል የተቀበለው መንግሥት ራሱን ለሌላ ሰጥቶ ሲሄድ፣ ቃልህን እንካ ብሎ እንኳ አልመለሰልኝም። ጠመኔውን ከሰሌዳው ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ፤ ደክሞኝ ነው። ለኬአሎሂ ስነግራት “አሁን ገና?” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወረቀቱ ያን ጊዜ ከሥሯ ነበር። ለምን እንዳላወጣችልኝ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሳይነግሩኝ እንዳገኘው ፈልጋ ይሆናል።

ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ባዶ ነው፤ ከጎኑም በእርሳስ፣ በአንቺ እጅ፣ “የአያ” ይላል። “ኬ”ን ስትቀለብሺ እንደምታሳምሪው ሁሉ ይህንንም አሳምረሽ ነው የጻፍሽው። ገና ሳትጠይቂኝ ቦታ ትተሽልኝ ኖሯል። እምቢ ካልሁሽም በኋላ አላጠፋሽውም።

ዛሬ ጠዋት እጄን ታጥቤ ፈረምሁበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኝ ይሆናል፤ እውነትሽን ነው። ይህ ወረቀት ከእንግዲህ የትም አይደርስም፤ የሚቀበለው ሹምም የለም። ለዚህ ነው ላንቺ የምልከው። ዕድሜዬን ግን የዛሬውን ነው የሞላሁት፤ አምና እንዳልፈረምሁ እንዲታወቅ።

አባቴ በይኝ አልልሽም፤ ያን በአፌ ሰጥቼዋለሁ፣ ኬአሎሂም መልካም አድርጋ ይዛዋለች። የእሷ ማሳ ያንቺ ነው። ውኃውን እየለወጥሁ፣ አረሙን እየነቀልሁ እጠብቅልሻለሁ፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከመጣሽ ከድልድሉ ላይ ሆነሽ ተጣሪ። ሦስት ጊዜ አያስፈልግሽም፤ በአንዱ እወጣለሁ።

38. ዮኬፓ ናሂኑ፣ ዕድሜ 59፣ ዋይፒኦ