ጎመን በመስከረም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጦልሃ፤ ሰላምታዬ ያለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የመሠረትከው የአትክልት ቡድን ከቀብርህ በኋላም አልተበተነም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከመስጊዱ ጀርባ ለመማር ይመጣል። የጭነት መኪና ሹፌሩ ጋሽ ሙሄዲን ዘንድሮም በሰኔ ጎመን ተክለው የዚህ የአሜሪካ ከተማችን የግራንድ ፕሬሪ ፀሐይ አቃጠለባቸው።

«ወሎ የሚተከለው በሰኔ ነው» አሉኝ።

«እዚያ ሰኔ ዝናብ ነው ጋሼ፣ እዚህ እሳት ነው። መስከረምን ይጠብቁ» አልኳቸው፣ ልክ አንተ እንደምትለው።

ሳቁብኝ። «የወንድምህን ምላስ ወርሰሃል፤ እጁ ግን ይቀርሃል» አሉኝ። ደስ አለኝ።

እማዬም ደህና ናት። በየሳምንቱ «የሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ» ስለምትል ጓንቷን መኪናው ውስጥ አስቀምጬላታለሁ። የአትክልት መደቧን ማንም አልነካባትም። የሳሎኑን መጋረጃ ስከፍትላት ፀሐዩ በዛ ብላ መልሳ ትዘጋዋለች። እውነትም ዘንድሮ ፀሐዩ በዝቷል። ከሥራ ቦታዋ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር፤ ተኝታለች አልኳቸው።

የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ዱዓ እያደረጉልህ ሰላም ብለውሃል።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አስተማርኩ። በጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ በቁልፍህ በሩን ከፈትኩ። የጎመን ችግኙን ለእያንዳንዱ ሰው አከፋፍዬ ስድስቱን ለእማዬ ብዬ ጥላ ውስጥ አስቀረሁ። ከዚያ የእማዬን መደብ ኮተኮትኩና፣ ምንም ሳልተክልበት፣ ውሃ አጠጣሁት።

ታናሽህ ኡሳማ