ነፋሱን የገሠጽኩ ዕለት

ሰኞ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ስዊድን፣ በደሴቶች መሃል፣ ጀልባ ላይ ነኝ። አገሬ ሶዶ አሁን ዝናብና ጭቃ ነው፤ ምነው እዚያ በሆንኩ! ከሁምቦ ሆኜ የአባያን ሐይቅ በሩቁ ከማየት በቀር ውሃ አጠገብ እንኳ ደርሼ አላውቅም።

ጠዋት ነፋሱ ሸራውን ሲወጥረው ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኛች። ውሃው እግሬ ድረስ መጣ። የጋበዙኝ ጋሽ ላርስና ባለቤታቸው ይስቃሉ! እኔ ግን ሞቴ ታየኝ። ሶዶ ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ እንደምንጸልየው እጄን ዘርግቼ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ "አንተ ነፋስ፣ በኢየሱስ ስም ጸጥ በል!" ብዬ ገሠጽኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ። "ሃሌሉያ!" አልኩ። ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠለጠለ።

ጋሽ ላርስ ሳቃቸውን አቆሙ። ሶዶ ብዙ ዓመት ስላገለገሉ አማርኛ ይችላሉ። "እህት አስቴር፣ ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ አልነሳ ብሏል። የሚወስደን ነፋሱ ብቻ ነበር" አሉኝ። ባለቤታቸው በጣታቸው ወደ ፊት አሳዩኝ። ውሃው ቀስ እያለ ከፊታችን ወዳሉት ድንጋዮች እየገፋን ነው።

አሁን ሁለቱም መቅዘፊያ ይዘው ይታገላሉ። እኔን ቁጭ በይ አሉኝ። "በይ እንግዲህ፣ መልሰሽ ጥሪው" አሉ ጋሽ ላርስ። ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አይደለም።

መጸለይ ፈራሁ። አፌን ዘግቼ እጽፋለሁ። ባይሰማኝስ? ደግሞ እንደ ጠዋቱ ቢሰማኝስ?