በሦስተኛው ወር የነገርኩሽ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። አካም ጅርታ? ማቅለሽለሹ ተወሽ ወይ? ልጆቹስ ፈያ ናቸው? እኛ ከሚሴዎች ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ያልደወልኩት ስልኩን ባልሽ ሙሐመድዘይን ስለሚያነሳው ነው። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ጎረቤትሽ ዓዲላ ናት፤ እሷ ማንበብ አትችልም። አንቺም ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ዛሬ ለገበያ መጥታ እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ድረስ ገብታ ነገረችኝ። ሐሙስ ደሴ ሄደሽ ልታስወርጂው ነው አሉ። ያ ረቢ! አትሂጂ። መጀመሪያ ስሚኝ፣ ከዚያ ብትፈልጊ ርገሚኝ።

ያን ለምርመራ የመጣሽ ቀን አልጋው ላይ ተጋድመሽ፣ ባልሽ አራተኛዋም ሴት ከሆነች ሌላ ሚስት አመጣለሁ እንዳለሽ እያለቀስሽ ነገርሽኝ። እኛ ባለሙያዎች በሦስት ወር ፆታ እንዳንናገር ተከልክለናል። ለምን እንደተከለከልን ዛሬ ነው የገባኝ። ቅባቱን ቀብቼ በአልትራሳውንዱ አየሁሽ። ራሱን አየሁ፣ የልቡን ምት አየሁ። ወንድ ይሁን ሴት ግን አልታየኝም፤ ገና ነዋ! እኔ ግን ሴት ናት አልኩሽ።

ለምን ብትይ፣ ቀንቼ። ይኸው፣ አወጣሁት። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሆድ ሳይ እውላለሁ፣ የኔው ባዶ ነው። አንቺ አንዷን ጡት ሳታስጥይ ሌላዋን ትፀንሻለሽ። ይባስ ብለሽ እኔ ፊት ሴት በዛብኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ! አንዲት እንኳ ያጣሁት እህትሽ ፊት! አንጀቴ አረረ፣ ወላሂ።

ደግሞ ባለፈው ዒድ እናታችን ቤት ያልሽኝ አለ። አራተኛዋም ሴት ከሆነች በጉዲፈቻ ላንቺ ናት፣ ጡት ስትጥል ውሰጃት ብለሽ ሳቅሽ። አንቺ ቀለድሽ፣ እኔ ያዝኩት። ሴት ናት ካልኳት ትሰጠኛለች አልኩ። ስም ሁሉ አወጣሁላት፣ ለማላውቃት ልጅ! ማስወረድ ታስቢያለሽ ብዬ ግን በልቤ ሽው አላለም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይሉ የለ?

ስለዚህ ወንድ ሊሆንም ይችላል። ይህን መጻፍ ከበደኝ፤ ወንድ ከሆነ መቼም አትሰጪኝማ። አየሽ፣ ቅናቱ አሁንም አለቀቀኝም። ግን ወንድ ሊሆን ይችላል ብዬ ብቻ ባስቀርሽ ሌላ ሐጢአት ነው። ሴትም ብትሆን አትሂጂ። ሙሐመድዘይን ሌላ ካገባ ያግባ፣ ሦስቱን አሳድገሽ የለ? የኔም ትሁን አልልም። ጉዲፈቻ በፈቃድ ነው እንጂ በውሸት አይሆንም።

አላህ በሰላም ይገላግልሽ። ማህፀንሽን ይባርከው፣ የልጆችሽን ዕድሜ ያርዝመው። ክትትልሽን እዚያው ጨፋ ሮቢት አድርጊ፤ ከእንግዲህ ሆድሽን እኔ አላይልሽም። ስትወልጂም ለእናታችን ላኪላት እንጂ እኔን አትጥሪኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚሉሽ ክርስቲያን ጎረቤቶችሽ ሳይቀሩ ይግቡ፣ ይቀፉት፣ ይሳሙት። እኔ አርባ ቀን ሳይሞላሽ ደጅሽ አልደርስም። አንዴ ካቀፍኩት መልሼ የምሰጥሽ አይመስለኝም።

ታላቅ እህትሽ