መስኮት ላይ የተሰቀለው ጋቢ

ለልጄ ለዜማ፣

ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ። ወንድምሽ ገዳሙ ድቁና ተቀበለ፤ ላሟም ወለደች።

የላክሻቸውን ፎቶዎች እኛ ጋ የተከራየችው መምህርት በስልኳ አሳየችኝ። ካፌው፣ ያማሩት የልብስ ሱቆች፣ አንቺም በየደጃፉ ስትስቂ። ቁይ ከተማ ገበያ ስወጣ ሁሉም «ዜማ አለፈላት» ይለኛል። እኔ ግን ከኋላሽ በአንዱ ሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለውን ጋቢ አየሁት። ጥለቱ ቀይ ሆኖ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነው። ቀዩ ክር ሲያልቅብን ሸማኔውን «በአረንጓዴ ጨርሰው» ያልኩት እኔ ነኝ። ስትሄጂ ትከሻሽ ላይ ጣል ያደረግሁልሽ ነው።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሸጥሽው ብዬም አልቆጣሽም፤ የፈተልኩት ለአንቺ ነው፣ ዳቦም ከሆነሽ ይሁን። ግን ያለሽበት አገር ብርድ አጥንት ይሰረስራል ይላሉ። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሌላ መፍተል ጀምሬያለሁ።

እመብርሃን ከለላ ትሁንሽ፣ ልጄ። እባክሽ፣ ከእንግዲህ ካፌና ሱቅ አታሳይኝ። የምትተኚበትን አሳይኝ።

እናትሽ ወለተ ሰንበት